ላቲንን በጉባኤ ማንበብ፦ በሀዋሳ የ12 ሳምንት ኮርስ ለማዘጋጀት

የላቲንን ሰዋስው ጨርሶ መጽሐፉ ደጃፍ ላይ የሚቆም ሰው ብዙ ነው። አምስቱን የስም እርባታ በቃሉ ያወርደዋል፤ አራቱን የግስ ቤት አይስትም። የቄሳርን አንድ ዓረፍተ ነገር ሲያገኝ ግን መዝገበ ቃላቱን ሃያ ጊዜ ገልጦ፣ ሃያ ፍቺ ደርድሮ፣ ነገሩ አልገጥም ሲለው ይዘጋዋል። ለዚህ ሰው ሌላ የሰዋስው መጽሐፍ አይጨምርለትም። ከአራት ከአምስት ሰው ጋር ተቀምጦ፣ በየሳምንቱ ጥቂት መስመር፣ ጮክ ብሎ፣ የእያንዳንዱን ቃል ሙያ እየተናገረ ማንበብ አለበት። ግእዝ ለተማረ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ ከንባብ ቤት ወደ ቅኔ ቤት እንደመሻገር ነው።

ሀዋሳ ለእንዲህ ያለው ጉባኤ ትመቻለች። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የሀዋሳ ሐዋርያዊ ቪካርያት የላቲንን ሥርዓት የሚከተል ስለሆነ የቤተ ክርስቲያኑን ላቲን በጆሮ የሚያውቁ ሰዎች አሉ፤ ዩኒቨርሲቲው የታሪክና የቋንቋ ተማሪ አለው፤ ግእዝ የሚማሩ ደቀ መዛሙርትም አይጠፉም። ሦስቱ ወገኖች አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲገናኙ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል።

«ላቲን ለእኛ ምን ያደርጋል?» ለሚል መልሱ አጭር ነው። የግእዝ ጥናት ትልልቅ መሣሪያዎች በላቲን የተጻፉ ናቸው። ጀርመናዊው ሊቅ ዲልማን በ1865 (እዚህ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ላይፕዚግ ላይ ያሳተመው የግእዝ መዝገበ ቃላት ቃሉን በግእዝ አስቀምጦ የሚፈታው በላቲን ነው። ከአባ ጎርጎርዮስ የተማረው ጀርመናዊው ሉዶልፍ የኢትዮጵያን ታሪክ በ1681፣ የአማርኛን ሰዋስውና የአማርኛ-ላቲን መዝገበ ቃላት በ1698 ያሳተመው በዚሁ ቋንቋ ነው። የቅዱስ ያሬድን ገድል በ1904 ያሳተመው ጣሊያናዊው ኮንቲ ሮሲኒም ከግእዙ ጋር ያወጣው ትርጉም ላቲን ነው። የኮርሱ መድረሻ እነዚህ ቢሆኑ ተማሪው የሚደክምበትን ያውቃል።

ማን ይግባ፣ ስንት ይሁኑ

ከአራት ያነሰ ሰው ካለ አንዱ ሲቀር ጉባኤው ይፈርሳል፤ ከሰባት ከበለጠ ደግሞ በሁለት ሰዓት ውስጥ ለእያንዳንዱ ሁለት ዓረፍተ ነገር አይደርሰውም። አምስት ወይም ስድስት ጥሩ ነው።

መግቢያ ፈተና ስጡ፤ ሰው ይቀየማል ብላችሁ አትተዉት። ከ80 እስከ 100 ቃል ያለው ቀላል የትረካ ጽሑፍ (የሮማዊው ጸሐፊ የኔፖስ የሕይወት ታሪኮች ይሆናሉ)፣ ከመዝገበ ቃላት ጋር፣ 45 ደቂቃ። ከትርጉሙ ይልቅ የሚታየው በጽሑፉ ላይ ለተሰመረባቸው አሥር ቃላት የሰጠው መልስ ነው፦ ይህ ቃል ምን ሙያ ላይ ነው? ለምን? ሰባቱን ያወቀ ይግባ። መጽሐፍ ቅዱስን ለፈተና አትጠቀሙ። ታሪኩን በአማርኛ የሚያውቅ ሰው ላቲኑን ሳያይ ይተረጉመዋል፤ ፈታኙም ተማሪውም አብረው ይታለላሉ።

ቦታውና ሰዓቱ ብዙ ማሰብ አይጠይቅም፤ ጸጥ ያለ ክፍልና ቋሚ ቀን በቂ ነው። ሐይቁ ዳር ይሻላል የሚል ሰው ሁልጊዜ ይኖራል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ወረቀቱን ይበትነዋል፤ አሞራ ገደል አካባቢ ደግሞ ጦጣዎቹ ከተማሪው ቀድመው ገጹን ይገልጣሉ። እዚያ ዓሣ ለመብላት ሂዱ።

ወረቀቱ

መሪው ለእያንዳንዱ ሳምንት አንድ ወረቀት ያዘጋጃል፦ ኤ-ፎር፣ በአንድ ገጽ ብቻ፣ ከ25 እስከ 30 መስመር፣ ሰፊ የመስመር ክፍተት፣ በስተቀኝ 6 ሳንቲሜትር ባዶ ኅዳግ፣ በየአምስት መስመሩ ቁጥር። ከታች ቢበዛ 12 ብርቅ ቃላት ይፈታሉ፤ ከዚያ በላይ የሚያስፈልገው ጽሑፍ ለጉባኤው ገና ነው ማለት ነው።

አናባቢ የሚረዝምበትን የሚያሳየው አግድም ጭረት ያለበት ጽሑፍ ከሆነ ፋይሉን በፒዲኤፍ ይዛችሁ ሂዱ። በማይክሮሶፍት ወርድ ከወሰዳችሁት የፎቶ ኮፒ ቤቱ ኮምፒዩተር ፊደሉ ከሌለው ጭረት ያለባቸውን ሁሉ ወደ ባዶ ሳጥን ይለውጣቸዋል፤ ይህ የሚታወቀው ደግሞ ሁሉም ከታተመ በኋላ ነው።

ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት እትም መያዝ አለበት። ቩልጌት (የላቲኑ መጽሐፍ ቅዱስ) ሲባል ብቻ ሦስት የተለያየ ነገር ሊመጣ ይችላል፦ የ1592ቱ የክሌመንት እትም፣ ሥርዓተ ነጥብ የሌለው የሽቱትጋርቱ ሳይንሳዊ እትም፣ በ1979 የወጣው አዲሱ ቩልጌት። ሦስተኛው ቃሉ ራሱ ስለተለወጠ ተማሪዎች «የእኔ እንዲህ አይልም» እያሉ ግማሽ ሰዓት ያልቃል። ለዚህ ኮርስ የክሌመንቱ ይሻላል።

መዝሙረ ዳዊት ላይ ግን ለእኛ የሚመች ነገር አለ። የቀድሞው ቩልጌትም የግእዙ ዳዊትም ከግሪኩ የሰብዓ ሊቃናት ትርጉም የተቀዱ ስለሆኑ ቁጥራቸው አንድ ነው፤ «ሚዜሬሬ» 50ኛው ነው፣ «ተሣሀለኒ»ም 50ኛው ነው። የዕብራይስጡን ቁጥር የሚከተል መጽሐፍ የያዘ ተማሪ ግን 51 ላይ ነው የሚያገኘው። ይህን በመጀመሪያው ቀን ንገሩት።

የመጻሕፍቱ ቅደም ተከተል

ብዙ ኮርስ ከቄሳር ተነሥቶ ወደ ሲሴሮ ይወጣና የቤተ ክርስቲያኑን ላቲን እንደ መመረቂያ ከኋላ ያስቀምጠዋል። እዚህ መገልበጥ ይሻላል። የቩልጌት ዓረፍተ ነገር አጭር ነው፤ የቃላቱም አሰላለፍ ለግእዝ ቅርብ ነው።

ከ1ኛ እስከ 3ኛ ሳምንት ዘፍጥረት ምዕራፍ 1፣ መዝሙር 50፣ የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 1። 4ኛው ሳምንት በ203 ካርታጎ ላይ የተገደለችው የፐርፔትዋ የእስር ቤት ማስታወሻ። ከ5ኛ እስከ 7ኛ ቄሳር። 8ኛው ከሲሴሮ ንግግሮች ሳይሆን ከደብዳቤዎቹ፣ ለሚስቱ ለቴሬንቲያ ከጻፋቸው አጫጭሮቹ። 9ኛና 10ኛ አውግስጢኖስ። 11ኛ ሉዶልፍ። 12ኛ ዲልማንና ገድለ ያሬድ።

የሲሴሮን ደብዳቤ የመረጥነው አንድም ስለሚያጥር፣ አንድም የደብዳቤው ወግ ለአበሻ አንባቢ ስለሚጥም ነው። ሮማውያን ደብዳቤ ሲጀምሩ «አንተ ደህና ከሆንህ መልካም ነው፤ እኔ ደህና ነኝ» የሚለውን ከመልመዳቸው የተነሣ የቃላቱን የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ይጽፉ ነበር። «ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል» ብሎ የጻፈ ሰው ያንን የፊደል ሰልፍ ለመፍታት ማስታወሻ አያሻውም። አንድ ወጥመድ ግን አለ፦ ደብዳቤ ጸሐፊው አንዳንዴ ጊዜውን በተቀባዩ ዓይን ያያል፤ «እየጻፍሁ ነበር» ሲል «እየጻፍሁ ነው» ማለቱ ነው።

በ5ኛው ሳምንት ፍጥነቱ በግማሽ ይወርዳል። ቩልጌትን 30 መስመር ያነብ የነበረ ጉባኤ ቄሳርን 15 መስመር ላይ ይደክመዋል፤ ሰው የሚቀረውም እዚህ ነው። በ4ኛው ሳምንት መጨረሻ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ የ5ኛውንም ወረቀት ከ15 መስመር አታስበልጡ።

የሁለቱ ሰዓት አከፋፈል

መጀመሪያ 10 ደቂቃ ያለፈው ሳምንት ጽሑፍ ያለ ምንም ትርጉም ጮክ ተብሎ ይነበባል። ቀጥሎ 60 ደቂቃ ቤት የተዘጋጁበት ጽሑፍ። 10 ደቂቃ ሻይ። 25 ደቂቃ ድንገተኛ ንባብ፦ ማንም ያላየው 8 ወይም 10 መስመር፣ መዝገበ ቃላት የለም፣ ስልክ ተገልብጦ ይቀመጣል። የቀረው 15 ደቂቃ ከአማርኛ ወደ ላቲን ሦስት ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ነው። ይህን የመጨረሻውን ክፍል ሰዓት ሲያጥር መዝለል ይቀናል፤ ቅኔ ሳይቆጥር ግስ ያወቀ እንደሌለ ሁሉ ላቲን ሳይጽፍ እርባታው እጁ የሚገባለት የለም።

በንባቡ ጊዜ ተራ የሚሰጠው በዓረፍተ ነገር ነው፤ በመስመር አይሁን። በመስመር ሲከፋፈል አንዱ ባለቤቱን፣ ሌላው ማሰሪያውን ይዞ ይቀራል።

መሪው አይተረጉምም። የሚያውቀውን ለመናገር የሚቸኩል መሪ ከማያውቅ መሪ ይልቅ ጉባኤ ያበላሻል፤ ተማሪው እርሱ እስኪናገር መጠበቅ ይለምዳልና። የመሪው ሥራ ጥያቄዎቹን በተራቸው ማንሳት ነው፦

1. ዓረፍተ ነገሩን እስከ ነጥቡ አንብብ።
2. ማሰሪያ አንቀጹ የትኛው ነው? ስንት ነው?
3. አገባቦቹ የት አሉ? እያንዳንዱ አገባብ የትኛውን ግስ ይዟል?
4. ባለቤቱ? ተሳቢው? ዘርፉ?
5. አሁን በአማርኛ ተናገር።

በቂ መሪ ከሌለ ተማሪዎቹ በየሳምንቱ ይፈራረቁ፤ የታተመ ትርጉም አንድ ሰው ዘንድ ተዘግቶ ይቀመጥና በንባቡ የመጨረሻዎቹ 10 ደቂቃዎች ይከፈት። ቀድሞ ከተከፈተ ንባቡ ወደ ማመሳከር ይለወጣል።

አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከነሙያው

እዚህ ድምፁን በፊደላችን እናስቀምጣለን፤ በወረቀታችሁ ላይ ግን በላቲን ፊደል ይሁን። ቄሳር በ58 ዓመተ ዓለም ከክርስቶስ ልደት በፊት የሄልቬቲያ ሰዎች ሲነሡበት የሆነውን ሲጽፍ፦

«ካይሳሪ ኩም ኢድ ኑንቲያቱም ኤሴት፣ ኤኦስ ፔር ፕሮዊንኪያም ኖስትራም ኢቴር ፋኬሬ ኮናሪ፣ ማቱራት አብ ኡርቤ ፕሮፊኪስኪ...»

ያልሠለጠነ ተማሪ «ካይሳሪ»ን አይቶ «ቄሳር» ብሎ ይጀምርና ባለቤት ያደርገዋል። መጨረሻው «ኢ» ነው፤ «ለቄሳር» ማለት ነው። ማሰሪያ አንቀጹን እንፈልግ፦ «ኤሴት» በ«ኩም» ተይዟል፤ «ፋኬሬ»፣ «ኮናሪ»፣ «ፕሮፊኪስኪ» ንዑስ አንቀጽ ናቸው። የሚቀረው «ማቱራት» ነው። ስለዚህ የዓረፍተ ነገሩ አጥንት «ለመነሣት ተጣደፈ» የሚለው ብቻ ነው። «ኩም» ከግስ ጋር ሲሆን «በ... ጊዜ»፤ «ኢድ» (ይህ ነገር) የሚመጣውን ወሬ አስቀድሞ የሚጠቁም ነው፤ «ኤኦስ ... ኮናሪ» ወሬው ራሱ። እንግዲህ፦ «እነርሱ በአውራጃችን በኩል ለማለፍ እየሞከሩ መሆናቸው ለቄሳር በተነገረው ጊዜ ከከተማዋ ለመነሣት ተጣደፈ።» ከተማዋ የምትባለው ያለ ስም ሮም ናት። «ማቱራት» ቅርጹ የአሁን ጊዜ ነው፤ ትረካውን ለማፍጠን የገባ ስለሆነ በአማርኛ በኃላፊ ይነገራል።

የአማርኛው ቅደም ተከተል ከላቲኑ ብዙ አልራቀም። ግስን እስከ መጨረሻ መጠበቅ ለአማርኛ ተናጋሪ ተፈጥሮው ነው። በእንግሊዝኛ ተርጉሞ ወደ አማርኛ የሚመልስ ተማሪ ሁለት ጊዜ ይገለብጠዋል፤ ሁለተኛው ላይ ይሰበራል።

ግእዝና አማርኛ የሚያቀኑት

በእንግሊዝኛ በተጻፉ የሰዋስው መጻሕፍት ውስጥ እንደ ተራራ የሚታዩ ነገሮች ለእኛ ሜዳ የሚሆኑበት ጊዜ ብዙ ነው።

ቅርጹ ተደራጊ፣ ትርጉሙ አድራጊ የሆነ ግስ ተማሪን ያስጨንቃል ይባላል። አማርኛ «ተ» ብለው የሚነሡ፣ ግን ተደራጊ ያልሆኑ ግሶች ሞልተውታል። «ሴኩኦር» ተከተለ፣ «ሎኩኦር» ተናገረ፣ «ኢራስኮር» ተቆጣ፣ «ሚሮር» ተደነቀ። «ተከተለ» ማን ተደርጎ? ብሎ የጠየቀ አማርኛ ተናጋሪ የለም፤ ላቲኑንም እንዲሁ ያዙት። እንደ «ሞሪዮር» (ሞተ) ያሉ በዚህ የማይገቡም አሉ።

ከዓረፍተ ነገሩ ተነጥሎ በስድስተኛው ሙያ (በ«አብላቲቭ») የሚቆመው ሐረግ ሌላው ነው። «ሶሌ ኦርቶ» ቃል በቃል ለመተርጎም ከመታገል «ፀሐይ ወጥታ» ማለት ነው፤ «ኡርቤ ካፕታ» «ከተማዋ ተይዛ»። የአማርኛው ቦዝ አንቀጽ የራሱን ባለቤት ይዞ መቆም ስለሚችል ልክክ ይላል።

የሚያዋርደው ባለ «ክዊ» ሐረግ ነው። አማርኛ «የመጣው ሰው» ብሎ ያስቀድማል፤ ላቲን ግን ያስከትላል። እዚህ አማርኛን ትታችሁ በግእዝ አስቡ፤ «ክዊ» ማለት «ዘ» ነው። አባታችን ሆይን በሁለቱም ጎን ለጎን ጽፋችሁ ስጡ፤ ከአንድ ሰዓት ገለጻ ይበልጣል። «ፓቴር ኖስቴር ክዊ ኤስ ኢን ቼሊስ» አቡነ ዘበሰማያት። «ሳንክቲፊቼቱር ኖሜን ቱኡም» ይትቀደስ ስምከ። «አድቬኒያት ሬኙም ቱኡም» ትምጻእ መንግሥትከ። «ፊያት ቮሉንታስ ቱኣ» ወይኩን ፈቃድከ። ሦስቱ የላቲን ግሶች ሰዋስው መጻሕፍቱ ብዙ ገጽ የሚያፈሱበት የምኞትና የትእዛዝ አንቀጽ ናቸው፤ ግእዙ ራሱ ይፈታቸዋል።

አሳሳቹም አይቀርም። «ኡት» አንድ ቃል ሆኖ እንደ ግሱ «እንዲ...»ም፣ «እስኪ...»ም፣ «እንደ»ም ይሆናል። ቅጽሉ ላይ «ታም»፣ «ኢታ»፣ «ታንቱስ» የሚል «እጅግ፣ ይህን ያህል» ባይ ቃል ቀድሞ ከታየ «እስኪ» የሚለውን ጠብቁ። ደግሞ «አለ፣ ሰማ፣ አወቀ» ከሚሉ ግሶች በኋላ ቄሳር ተሳቢና ንዑስ አንቀጽ ሲያስከትል ቩልጌት ብዙ ጊዜ «ክዊያ»፣ «ክዎድ» ወይም «ክዎኒያም» ብሎ እንደ ግእዙ «ከመ» ይቀጥላል። ይህን ያላወቀ ተማሪ «ክዊያ»ን ሁልጊዜ «ምክንያቱም» እያለ መጽሐፍ ቅዱሱን በምክንያት ይሞላዋል።

ቃሉ አንድ፣ ዘመኑ ሁለት

ለ9ኛው ሳምንት ይህን ዝርዝር አስቀድማችሁ አስጠኑ። «ሳሉስ» ለሲሴሮ ጤንነትና ደህንነት ነው፤ ለአውግስጢኖስ ድኅነት። «ሳክራሜንቱም» የወታደር መሐላ ነበር፤ ምሥጢር ሆነ። «ኦራቲዮ» ንግግር፤ ጸሎት ሆነ። «ፓጋኑስ» የገጠር ሰው፤ አረማዊ ሆነ። «ቪርቱስ» ወንድነትና ጀግንነት ነበር፤ በወንጌል ብዙ ቁጥሩ ተአምራት ነው፣ ግእዝም «ኃይል» የሚለው። «ኮንፊቴሪ» መናዘዝ ብቻ ከመሰላችሁ መዝሙር 117 ላይ «ኮንፊቴሚኒ ዶሚኖ» ሲመጣ ትቸገራላችሁ፤ ግእዙ «ግነዩ ለእግዚአብሔር» ይለዋል፣ ማመስገን ነው።

በአውግስጢኖስ ላይ ከ«ኑዛዜ» 11ኛው መጽሐፍ ስለ ጊዜ የተናገረበትን ውሰዱ። «ክዊድ ኤስት ኤርጎ ቴምፑስ? ሲ ኔሞ ኤክስ ሜ ክዌራት፣ ሺዮ፤ ሲ ክዌሬንቲ ኤክስፕሊካሬ ቬሊም፣ ኔሺዮ።» «እንግዲህ ጊዜ ምንድን ነው? ማንም ባይጠይቀኝ አውቀዋለሁ፤ ለሚጠይቀኝ ላስረዳ ብል አላውቀውም።» ከጥያቄው በኋላ፣ ንዑስ አንቀጹን ሳንቆጥር፣ አራት ግስ፣ ሁለቱ በ«ባይ... ብል» አንቀጽ፣ ሁለቱ በቁርጥ። «ክዌሬንቲ» አንድ ቃል ሆና «ለሚጠይቀኝ» ትላለች፤ ይህችን ያለ እርዳታ ያወቀ ተማሪ ኮርሱ ሠርቶለታል።

አንቱና አንተ

ላቲን ለአንድ ሰው «ቱ»፣ ለብዙ ሰው «ቮስ» ይላል፤ በጾታም በክብርም አይለይም። «አማት» ይወዳልም ትወዳለችም ነው። አማርኛ ግን ሳይመርጥ አያልፍም፤ ስለዚህ ተርጓሚው ባለቤቱን ሳያውቅ መናገር አይችልም። ይህ ለመሪው ጥሩ መፈተኛ ነው። ተማሪው «ትወዳለች» ካለ፣ ማን? ከየት አመጣሃት?

ለአክብሮቱ አንድ ደንብ ያዙ፦ በጉባኤው ውስጥ ሁሉም «አንተ» እና «አንቺ» ይሁን፤ ካልሆነ ንባቡ ወደ ወግ ይዞራል። ፐርፔትዋ ላይ ግን ቆም በሉ። አባቷ ሃይማኖቷን እንድትክድ ሲለምናት ቆይቶ በመጨረሻ «ልጄ» ማለቱን ትቶ «እመቤቴ» ይላታል፤ እርሷም ይህን ጽፋዋለች። አባት ለልጁ እንዲህ ሲል ምን ማለት እንደሆነ ለአማርኛ አንባቢ ማብራሪያ አይጻፍለትም።

አነባበብ

አንዱን ምረጡና እስከ 12ኛው ሳምንት አትለውጡ። ጥንታዊው አነባበብ «ካይሉም»፣ «ኪኬሮ»፣ «ዌኒ»፣ «ሬግኑም»፣ «ግራቲያ» ሲል የቤተ ክርስቲያኑ «ቼሉም»፣ «ቺቸሮ»፣ «ቬኒ»፣ «ሬኙም»፣ «ግራትሲያ» ይላል። ከላይ ቄሳርን በጥንታዊው፣ የቀረውን በቤተ ክርስቲያኑ ያስቀመጥነው ሁለቱን እንድትሰሙ ብለን ነው፤ በጉባኤ ግን ሁለቱን መቀላቀል አንዱን ቃል ሁለት ያደርገዋል። ከተማሪዎቹ የሚበዙት ቅዳሴውን በላቲን የሚያዜሙ ከሆኑ የቤተ ክርስቲያኑን ያዙ። ሊቃውንቱ አይወዱትም ብላችሁ አትፍሩ፤ ጆሮ የለመደው ቶሎ ይጠናል።

አማርኛ ተናጋሪ ማጥበቅ ይችላል፤ «አኑስ» አሮጊት፣ ጠብቆ «አንኑስ» ዓመት መሆኑን ከአንድ ጊዜ በላይ ማስረዳት አያስፈልግም። የሚያቅተው አናባቢን ማስረዘም ነው። «ማሉም» «ማ» ሲያጥር ክፉ ነገር፣ ሲረዝም ፖም ነው። «ዌኒት» «ዌ» ሲያጥር ይመጣል፣ ሲረዝም መጣ። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን እንደማያሳይ ሁሉ የላቲን ጽሑፍም እርዝመትን አያሳይም፤ «ገና» የሚለውን በአገባቡ እንደምንለየው እዚያም በአገባቡ ይለያል። ሁለተኛው ስህተት በቃል መነሻ ላይ «እ» መጨመር ነው፤ «ስፒሪቱስ» «እስፒሪቱስ» ይሆናል። በስድ ንባብ ብዙ አይጎዳም፤ የአምብሮስዮስን መዝሙር ስታነቡ ግን በየስንኙ ስምንት የሆነው ቀለም ዘጠኝ ይሆናል።

ቤት ውስጥ የሚበላሸው

ለአንድ ሳምንት ወረቀት አራት ሰዓት ያህል ዝግጅት ያስፈልጋል፤ በአንድ ሌሊት ሳይሆን በሦስት ቀን ተከፋፍሎ። መጀመሪያ ሁለት ጊዜ ያለ መዝገበ ቃላት ይነበባል፤ ማሰሪያ አንቀጾቹ ይሰመርባቸዋል። ከዚያ በኋላ ነው መዝገበ ቃላት የሚከፈተው።

ከሁሉ የከፋው ልማድ በእያንዳንዱ ቃል ራስ ላይ አማርኛውን መጻፍ ነው። ጉባኤ ላይ ዓይን ወደሚቀለው ይሄዳል፤ ተማሪው ላቲን የሚያነብ መስሎት የራሱን እጅ ጽሑፍ ያነባል። በምትኩ በኅዳጉ ላይ የቃሉን መነሻ ይጻፍ፦ ስም ከሆነ ከነዘርፍ ሙያውና ከጾታው፣ ግስ ከሆነ አራቱን መሠረታዊ ቅርጾች። ፍቺው በጭንቅላት ይቆይ። በሳምንት 15 ቃል በካርድ ላይ ማጥናት ይበቃል፤ 40 የሚጽፍ ሰው በሦስተኛው ሳምንት ያቆማል።

ያለ ኢንተርኔት የሚሠራው «ዊቴከርስ ወርድስ» መብራትና ኔትወርክ ሲቆራረጥ ያድናል፤ ነገር ግን ለአንድ ቃል ሊሆን የሚችለውን ሁሉ ነው የሚዘረዝረው። «ሴርዊ» ብትሉት የባሪያው፣ ባሪያዎቹ፣ ባሪያዎች ሆይ፣ አገልግል ይላችኋል። «ካኔስ» ውሾችም ነው፣ ትዘምራለህም ነው። የመጀመሪያውን ምርጫ የሚወስድ ተማሪ ውሻውን ያዘምረዋል።

በስልክ ተተርጉሞ የመጣ አማርኛ ወዲያው ይታወቃል፤ ብዙ ጊዜ «ቮስ»ን «አንተ» ይለዋል፤ እንግሊዝኛው ሁለቱን ስለማይለይ። መቆጣት አያስፈልግም። «ይህ ቃል ምን ሙያ ላይ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ስልኩ ያንን አላቀበለውም።

ሳይዘጋጅ የመጣ ሰው አይባረር፤ ያንብብ እንጂ አይተርጉም። ጽሑፉ የሃይማኖት ክርክር ካስነሣ (አውግስጢኖስ ላይ ይነሣል) አምስት ደቂቃ ስጡትና ወደ ግሱ ተመለሱ።

የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት

ሉዶልፍን የምታነቡት ከ1681ዱ እትም በተነሣ ምስል ከሆነ መጀመሪያ ፊደሉን ማወቅ አለባችሁ። በቃል መነሻና መካከል ያለው «ስ» ረጅም ሆኖ «ፍ»ን ይመስላል፤ በቃል መጨረሻ ብቻ እንደ ዛሬው ነው። በኮምፒዩተር የተለቀመ ጽሑፍ ይህን ስለማይለይ «ሴድ» (ግን) «ፌድ» ሆኖ ይወጣል፤ እንዲህ ያለ ቃል መዝገበ ቃላት ውስጥ አትፈልጉ፤ ምስሉን ተመልከቱ። በመጨረሻው «ኣ» ላይ ቆብ የመሰለ ምልክት ካያችሁ አታሚው አብላቲቭ መሆኑን እየነገራችሁ ነው።

ዲልማን ላይ ቃላቱ በሀ ሁ ተራ፣ በሥርወ ቃላቸው ተደርድረዋል፤ «መጽሐፍ»ን «መ» ላይ አትፈልጉት፣ «ጸሐፈ» ሥር ነው። ላቲኑ አጫጭር ነው፦ «ኩም» ከ«አክ.» ጋር ግሱ ተሳቢ እንደሚወስድ፣ «ኢ. ክ.» «ከዚህኛው ጋር አንድ ነው» እንደማለት። ጥቅሶቹ የመጡባቸው መጻሕፍት በምህጻር ናቸው፤ «ኩፍ.» ኩፋሌ፣ «ሄን.» ሄኖክ ነው። ለእያንዳንዱ ተማሪ ከገድለ ያሬድ አንድ አንድ የግእዝ ዓረፍተ ነገር ስጡ፤ ሦስት ቃሉን በዲልማን ይፍታ፣ ከዚያ የኮንቲ ሮሲኒን ላቲን ከፍቶ ሁለቱ የት እንደተለያዩ ይጻፍ።